መፍቻ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ላይፕዚግ፣ የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ፣
እኔ በቢጫ ሰደርያ፣
ከሚሮጠው ቀበቶ ፊት ቆሜ፣
የማላውቀውን ሰው ጫማ፣ የማላውቀውን ሰው መጥበሻ ተሸክሜ።
አንዱ አውሮፕላን አረፈ።
ሌላው ከኋላው አረፈ።
ስንት ኩንታል ብረት ባሕር ተሻግሮ ሲያርፍ፣
ቀኝ እጄ ግራዬን ለመቅደም ሲጣደፍ፣
ነጋ።

ቀን የጥርስ ሐኪም ቤት ወለል እወለውላለሁ፤
ቅዳሜ ማታ ለአንድ ግሪካዊ ሳህን አጥባለሁ።
እሑድን ግን "የራሴ ናት" ብዬ
መደርደሪያ ልሰቅል ተነሣሁ፣ መሰርሰሪያዬን ሰክቼ።
አንድ ቀዳዳ። ሁለት።
ሦስተኛው እኩሌታ ላይ ሳለ በሩ ተንኳኳ።
ፍራው ሌማን ናት፣ ከታች ፎቅ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ፤
("ፍራው" በኔ ጆሮ ትእዛዝ ነው፣ ማንን እንደሆነ ባይነግሩኝም)
"ዛሬ እሑድ ነው" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ደሜ ፈላ። ይቺ ጡረተኛ፣ ይቺ ሥራ ፈት!
እኔን ናት ሰንበት የምታስተምር?
የክርስትና ስሜ ወልደ ሰንበት!

ረቡዕ እህቴ ደወለች።
"አባባ አረፈ።"

ዘርጋው፣ የኮምቦልቻው መካኒክ፣
አርባ ዓመት ከከባድ መኪና ሆድ ሥር ተንጋሎ የኖረ፣
ጀርባው መሬት የሚነካው ለሥራ ብቻ የነበረ።
ቁጭ ብዬ ካየኝ፣ "ሥራ ፈት!"
ስሮጥ ካየኝ፣ "እረፍ!" በመፍቻው እየጠቆመ።
እረፍትን እንዲህ ነው የተማርኩት፤
ወይ ስድብ ነው፣ ወይ ቁጣ፣ ወይ መርዶ፤
ሌላ ትርጉም አላወቅሁለት።

ያን ሌሊት ሥራ ገባሁ።
ማርዜና፣ ፖላንዳዊቷ አለቃዬ፣ ፊቴን አይታ
"ሂድ፣ ቤትህ ግባ" አለችኝ።
"ቤት ገብቼ ምን ልሥራ?" አልኳት።
የመለስኩላትን እኔው ራሴ የሰማሁት
አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ ሊነጋጋ ሲል፣
ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ።

በቀጣዩ እሑድ ኮሽታ አላሰማሁም።
ፍራው ሌማን መጣች፤ ዝምታዬ ሳያሳስባት አልቀረም።
ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
መሐረብ ወደምታክል የአትክልት ቦታዋ ወሰደችኝ።
ድንች አለ፣ ቀይ ሥር አለ፣
መሐል ላይ ግን አንድ መደብ፣ ባዶውን።
"ጦሙን አደረ" እላለሁ እኔ፣ በአገሬ ወግ፣ አዝኜ።
"ተኝቷል" አለች እሷ፣
ሕፃን እንዳይነቃባት ያህል ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
ታጣፊ ወንበር ዘረጋችልኝ፣ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤
የተናገረችውን ቃል በጀርመንኛ አላስታውሰውም፤
እኔ የሰማሁት "አረፍ በል" ነው።

አረፍ በል። እናቴ ለእንግዳ የምትለው።
ለካ ይህም ነበረ!
ከስድቡም ከመርዶውም ጎን፣
በዚያው ቃል ቤት ውስጥ፣
አንድ ወንበር።

ተቀመጥኩ። ጎንበስ ብዬ
የብረት አፍንጫ ጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ፣
የግራውን፣ ቆይቶ የቀኙን።
ሥራ ፈት፣ አልኩ ራሴን፣ ቀስ ብዬ፣
ቃሉን እንደ ዛገ ብሎን እያዞርኩ።
ሥራን የፈታ።
ማታ ከቀንበር እንደሚፈታ በሬ። እንደ ህልም።
አባባ፣ ዕድሜህን ሙሉ መፍቻ በእጅህ፣
የስንቱን መኪና ብሎን ፈትተህ
አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ለራስህ ሳትሞክረው!
እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም። እዚያ አለቀስኩ።
ፍራው ሌማን ዓይኗን ጨፍና ፀሐይ ትሞቅ ነበር፤
ምን ሆንክ አላለችኝም።

ሰኞ ሥራ አለ። ኪራይ አለ። የግሪኩም ሳህን አለ።
መደርደሪያው እስከ ዛሬ በሁለት ብሎን ዘሞ ተንጠልጥሏል።
ያን ከሰዓት ግን አንድ የጭነት አውሮፕላን
በላያችን ዝቅ ብሎ አለፈ፣
ከዛፎቹ ወዲያ አረፈ፤
ተከትዬው አልተነሣሁም።